ገናን ወሎ፣ ቤተሰብ ጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ህዳር ሲጋመስ ስልኬ ይጀምራል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ፣ አዳማ ያገባችው ጓደኛዬ፣ ውጭ አገር የኖሩ ዘመዶች፣ ሁሉም ለገና ወደ ቤተሰብ ሊመጡ ነውና አንድ አይነት ነገር ይጠይቁኛል። ብርዱ እንዴት ነው? ምን ልያዝ? ሙስሊም አጎቴን ምን ላብላው? መልሱን አንድ ቦታ ሰብሰብ ላድርገው ብዬ ነው ይሄን የጻፍኩት። አስቀድሜ ግን የማምንበትን ልናገር፦ በብርድ ወራት የቤት ሙቀቱ ያለው ምድጃው ዙሪያ ነው፣ ምድጃው ዙሪያ ደግሞ ስራ አለ። ስራው ውስጥ ገብታችሁ ስታከብሩትና ማዕድ ሲቀርብ ደርሳችሁ ስታከብሩት ገና አንድ አይደለም።

ታህሳስ ላይ ወሎ ያን ያህል ይበርዳል?

የቱ ወሎ? ቆቦ ከሆነ የምትሄዱት ቀን ላይ በሸሚዝ ትውላላችሁ። ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩም ልከኛ ነው። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ስትደርሱ፣ ገና ከመኪና ሳትወርዱ ሹራብ ትፈልጋላችሁ። ወደ ጉጉፍቱ፣ ወረኢሉ፣ ደላንታ፣ መቄት ደጋ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ጠዋት ሳሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ብዙ ከተሜ የሚሳሳተው ብርድን ከዝናብ ጋር ስለሚያገናኘው ነው። ክረምት ላይ ደሴ በጉም ተሸፍና ትውላለች፣ ቀኑ ይጨፈግጋል፣ ሌሊቱ ግን ያን ያህል አይከፋም። ደመናው የምድሩን ሙቀት ይይዘዋላ። በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀን የሞቀው ምድር ማታ ሙቀቱን በሙሉ ወደ ላይ ይለቀዋል፣ ውርጩ የሚመጣው ያኔ ነው። ስለዚህ ታህሳስና ጥር ቀን ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ማታ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

ልብስ ደራርባችሁ ልበሱ። ከስር ሹራብ፣ ከላይ ጋቢ። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን የምታድሩ ከሆነ ጋቢ ብቻውን አይበቃም፣ ቡሉኮ ካለ እሱን ያዙ። ለልጆች ኮፍያና ወፍራም ካልሲ እንዳትረሱ። ደጋ ቤት ስታድሩ ባና ይሰጣችኋል፣ የበግ ፀጉር ነው፣ ቆዳ ይኮሰኩሳል ግን ምንም አይነት የፋብሪካ ብርድ ልብስ አይደርስበትም። አንሶላ ከስር አድርጉና ተኙ።

ገና አንዳንድ ዓመት ታህሳስ 28 የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን የሚቀጥለው ዓመት በአንድ ቀን ገፋ ብሎ ይጀምራል። ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነው። በዚያ ዓመት ገና ታህሳስ 28 ይውላል፣ በሌሎቹ ሦስት ዓመታት 29። ጾሙም እንዲሁ ህዳር 15 የሚገባው ወደ 14 ይመጣል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ካላንደር እዩ።

ስንት ቀን ቀድሜ ልድረስ?

ቢያንስ ሦስት ቀን። ከቻላችሁ ሳምንት። ይሄን የምለው ዘመድ ለመጠየቅ ጊዜ እንዲኖራችሁ ብቻ አይደለም። የበዓሉ ስራ የሚጀምረው ከሳምንታት በፊት ነው፣ ዋዜማው ላይ የምትደርሱ ከሆነ እናታችሁ ሁሉንም ብቻዋን ጨርሳው፣ እግሯ አብጦ፣ እንቅልፍ አጥታ ነው የምትቀበላችሁ።

ጠላውን ብቻ ውሰዱት። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው በውሃ ይጠነሰሳል። ብቅሉ ይገባል፣ ቂጣው ተጋግሮ ይገባል፣ አሻሮው ተቆልቶ ተፈጭቶ ድፍድፉ ይሰራል፣ ከዚያ ይሞላል። በየመሀሉ ቀናት አሉ። ደጋ ላይ ደግሞ ብርዱ ያዘገየዋል፣ ኮምቦልቻ ላይ በሁለት ቀን የሚነሳው ጥንስስ ደሴ ላይ ሦስት አራት ቀን ሊፈልግ ይችላል። የእንጀራ ሊጥም የዳቦ ቡኮም እንደዚሁ ነው። እርሾ ብርድ አይወድም። ለብ ባለ ውሃ አቡኩ፣ እቃውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጡት፣ አንድ ሌሊት ጨምሩለት። አልነሳ አለ ብላችሁ እርሾ አትደርድሩበት፣ ይኮመጥጣል።

በግ የምትገዙ ከሆነም ቀደም ማለት ይጠቅማል። ዋዜማ ላይ ዋጋው ይሰቀላል፣ የሚመረጠውም ተመርጦ አልቋል። ከደጋ የወረደ ጥሩ በግ አይታችሁ ግዙና ጥቂት ቀን ቤት ይቆይ፣ ልጆቹም ሳር እያበሉት ይደሰታሉ።

ምን ይዤ ልምጣ?

ደውላችሁ ጠይቁ። "ምንም አያስፈልግም፣ እናንተ ብቻ ኑ" ትባላላችሁ፣ አትመኑ። ታናሽ እህታችሁን ወይም ጎረቤት ያለችውን ጠይቁ፣ እሷ እውነቱን ትነግራችኋለች። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ስኳር፣ ቡና፣ ዘይትና ከሰል ነው። ለአያት ወፍራም ካልሲና ሹራብ። የማገዶ ነገር ደጋ ላይ ቀላል አይደለም፣ ዛፉ ከተመናመነ ስንት ዘመኑ፣ ብዙ ቤት የሚያበስለው በኩበት ነው። አንድ ጆንያ ከሰል ይዞ የገባ ልጅ የሚመረቀው ምርቃት ለብቻው ነው።

ማታ ከሰል አንድደን ብንተኛ ምን ችግር አለው?

ይሄን ጥያቄ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ በየዓመቱ በብርድ ወራት ሰው የምናጣበት ነገር ነውና።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም የሚባለው ትክክል አይደለም፣ ቀልቶ ያማረው ፍም ነው ሰውን የሚያዘናጋው። ጋዙ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል፣ ድካሙን የመንገድ ድካም ይመስለውና ይተኛል። ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ምልክቱን ሳያውቅ በዚያው ይቀራል። ህፃን፣ እርጉዝና ሽማግሌ ቶሎ ይጎዳሉ።

በድሮው የሳር ቤት ጭሱ በክዳኑም በግድግዳውም ይወጣ ነበር። አሁን ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፣ መስኮቱ መስታወት ነው፣ በሩ ስር ጨርቅ ይወተፋል። ቤቱ ሲሻሻል አደጋው የጨመረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቡና ሲፈላም ሆነ እሳት ሲሞቅ በሩን ወይም መስኮቱን ገርበብ አድርጉት። መኝታ ሲደርስ ከሰሉን ከነማንደጃው ውጭ አውጡት። ረመጥም ቢሆን፣ አመድ ለብሶም ቢሆን ይውጣ። ለአልጋ ሙቀት ከፈለጋችሁ የማያፈስ እቃ ውስጥ ሙቅ ውሃ አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና እግር ስር አድርጉ፣ ልጆቹን አንድ ላይ አስተኙ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሴን አመመኝ ካለ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። በሩን ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ አየር አውጡ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱ። እንግዳ ስለሆንኩ ይሄን መናገር ነውር ይሆንብኛል የምትሉ ካላችሁ፣ ነውር የለውም፣ ተናገሩ።

ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ምን ይሰራል?

ሽንኩርት ይልጣል! የዶሮ ወጥ ቁሌት ማለት ሽንኩርት ነው፣ ለአንድ ዶሮ ብዙ ኪሎ ይፈጃል። መላጡና መክተፉ ብቻ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ አራት እጅ ሲገባበት ግን ወሬ እያወሩ ያልቃል። ከዚያ ማማሰሉ አለ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላላል፣ በርበሬው ከገባ በኋላ ውሃ ጠብ እያደረጉ ለሰዓታት ማብሰል ነው፣ እንዳያር አንድ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። በታህሳስ ብርድ ከዚያ የተሻለ መቀመጫ ቤቱ ውስጥ የለም። ዶሮውን 12 ብልት ማውጣት ልምድ ይፈልጋል፣ እሱን ለእናት ተዉላት፣ እናንተ በሎሚና በጨው ማጠቡን ያዙ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ።

ድፎ ዳቦም አለ። ከታችም ከላይም እሳት ይፈልጋል፣ እሳቱን የሚያመጣጥን ሰው ያስፈልጋል። እህል ማስፈጨት፣ ውሃ መቅዳት፣ ቄጤማ ፈልጎ ማምጣት። ወንድ ልጅ የሚሰራው ያጣል እንዴ? አንዳንድ አባቶች ወንድ ልጅ ምድጃ ስር ሲያዩ ፊታቸው ይቀየራል፣ አውቃለሁ። እናት በዓሉን ቁጭ ብላ ማክበሯ ይበልጣል። በዓሉ ሲደርስ ደክሟት ጥግ ላይ የምታንቀላፋ እናት ያለችበት ቤት ሙሉ ደስታ አለ ብዬ አላምንም።

ሙስሊም ዘመዶቻችንንና ጎረቤቶቻችንን በገና ቀን ምን እናቅርብላቸው?

ወሎ ውስጥ ይሄ ጥያቄ የማይመለከተው ቤት ትንሽ ነው። አጎት ሙስሊም፣ አክስት ክርስቲያን፣ አያት በአንዱ ስም ተጠርተው የልጅ ልጅ በሌላው፣ የተለመደ ነው። ከውጭ ለሚመጡ ልጆችና ሙሽሮች ግን ግልጽ ስላልሆነ በደንብ ላስረዳ።

ስጋው ይለያል። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ይሄ ቅያሜ የለበትም፣ ሁለቱም ወገን ያውቀዋል፣ ያከብረዋል። በእኛ በኩል የለመድነው እንዲህ ነው፦ ለሙስሊም እንግዶች አንድ ዶሮ ወይም በግ ከነነፍሱ ለሙስሊም ጎረቤት ይሰጣል፣ እሱ ያርደዋል፣ የሚሰራውም በተለየ ድስት ነው፣ ብዙ ጊዜ እነሱው ቤት። ሰሃኑም ጭልፋውም የተለየ ይሁን። አቅም ካጠረ ደግሞ በዘይት የተሰራ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ትኩስ ዳቦ፣ ማርና ቆሎ ማንም ሳይሳቀቅ የሚበላው ማዕድ ነው። ለመጠጥ ጠላና ጠጅ አታቅርቡ፣ ብርዝ ወይም ቀሪቦ አዘጋጁ።

ዋናው ነገር እንግዳው እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው። "ይሄ የናንተ ነው፣ እነ እንትና ናቸው ያረዱት" ብላችሁ ገና ሲቀመጡ ንገሯቸው። ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ይሄ ለኔ ይሆናል ወይ ብሎ ሲሳቀቅ ማየት ያሳዝናል።

እነሱም እንዲሁ ያደርጋሉ። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ አንዳንዴ ከጾማችን ጋር ይገጥማል፣ ያኔ የሙስሊሙ ቤት ለክርስቲያን ጎረቤቱ የጾም ምግብ ለይቶ ይሰራል። ቡናው ግን የጋራ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ እጣኑ እየጨሰ፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው ምርቃቱን ትቶ ሄደ ነው የሚባለው፣ ስለዚህ ቸኩላችሁም ቢሆን ጠብቁ።

ከጾሙ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ምን ልብላ?

ትንሽ ትንሽ። ከስድስት ሳምንት በላይ ሽሮና ንፍሮ የለመደ ሆድ በአንድ ጊዜ ዶሮ፣ ቅቤና ጥብስ ሲወርድበት ይጨነቃል። ከቅዳሴ መልስ ሞቅ ያለ ነገር ቅመሱ፣ አጥሚት ወይም የገብስ ገንፎ ካለ ጥሩ ነው፣ ዶሮውን ቀጥሉ። ጥሬ ስጋ ለለመደ ሰው እንኳ በዚያ ቀን አይመከርም። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይፈሰካል፣ ይሄንንም ብዙ ሰው ይጠይቃል።

ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ ምን እናድርግ?

ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ ነው ጨዋታው የሚጀምረው። ልጆቹን ምድጃው ዙሪያ አጎዛ ላይ አስቀምጧቸውና እንቆቅልሽ ጀምሩ።

"እንቆቅልሽ!"
"ምን አውቅልህ?"
"ሲሄድ ቢውል፣ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?"

ወንዝ ነው። ያላወቀ ልጅ አገር ይስጥ። "አገር ስጠኝ" ሲባል ደሴን ይሰጣል፣ ሐይቅን ይሰጣል፣ ባቲን ከነሰኞ ገበያዋ ይሰጣል፣ ተቀባዩ ደግሞ እዚያ ገብቶ ምን እንዳገኘና እንዴት እንደተንደላቀቀ ያወራል። ከተማ ያደገ ልጅ በሁለት ማታ የወሎን ከተሞች ስም ይለቅማል። አያት ካሉ ተረቱን ለሳቸው ተዉላቸው፣ አታቋርጧቸው፣ ስልክም አትደቅኑባቸው። ቀረጻ ከፈለጋችሁ አስፈቅዳችሁ አንድ ጥግ አስቀምጡት።

ቀን ላይ የገና ጨዋታ አለ። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ፣ ሩሯ፣ ሰብሉ የተነሳለት ማሳ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ፣ አባትና ልጅ፣ አለቃና ሎሌ ተጋፍተው የሚጫወቱት ነው። አሁን በየቦታው እየቀረ ነው፣ እግር ኳስ ቦታውን ወስዶታል። መንደራችሁ ውስጥ የሚያውቁ አዛውንቶች ካሉ ዱላውን እንዲያሰሩላችሁ ለምኗቸው። ለትንንሾቹ ግን ሩሯን ከጨርቅ ስሩላቸው፣ የእንጨቷ ቅልጥም ትሰብራለች።

ላሊበላ ሄደን እናክብር ወይስ ቤት?

ካላያችሁት አንድ ጊዜ እዩት። በገና ጠዋት ቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ ካህናቱ ሁለት ቦታ ተከፍለው፣ ግማሹ ማሜ ጋራ ከሚባለው ከላይ ከአለቱ ጠርዝ፣ ግማሹ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉን ይቀባበሉታል፣ ከላይ ያሉት በመላእክት፣ ከታች ያሉት በእረኞች ምሳሌ። ቀኑ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ነው። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ተሳልማችሁ ጨርሱ፣ በዕለቱ መላወሻ የለም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ፣ ማደሪያ ሳትይዙም አትሂዱ።

ግን እናታችሁ ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቃችሁ ኖራ ከሆነ፣ ላሊበላን ለሌላ ዓመት አስተላልፉት ወይም እሷን ይዛችኋት ሂዱ። ሽማግሌ ወላጅ የሌሊቱን ብርድ ደጅ ላይ የሚችል አይመስላችሁ፣ ደራርባችሁ አልብሷት።

ሐዘን ያለበት ቤት ነው የምሄደው፣ በዓል ማንሳት ነውር ነው?

ከጦርነቱ ወዲህ ይሄ ጥያቄ በዝቷል። በወሎ ልጁን፣ ባሏን፣ ወንድሙን ያጣ ቤት ብዙ ነው፣ ሬሳ ሳያገኝ እርሙን ያወጣም አለ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሐዘንተኛው ቤት አይታረድም፣ ቄጤማ አይጎዘጎዝም። በዓል ግን አይዘለልም፣ ጎረቤትና ዘመድ ዳቦውንም ወጡንም ሰርቶ ይዞ ይሄዳል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ጠዋት ሂዱ፣ "እንኳን አደረሳችሁ" ብላችሁ በጩኸት አትግቡ፣ ቁጭ በሉ፣ ቡናውን እናንተ አፍሉ። አብሽሩ በሉ። የሟቹን ስም ማንሳት አትፍሩ፣ እናት ልጇ ሲነሳላት ታለቅሳለች፣ ግን ማንም ሳያነሳላት በዓሉ ካለፈ ነው የበለጠ የሚከፋት። ልጆቹን ግን ወደ ጨዋታ ይዛችኋቸው ውጡ፣ ልብስም ካላቸው አልብሷቸው፣ ከሌላቸው ግዙላቸው።

በዓሉ ካለፈ ስንት ቀን ልቆይ?

ፈቃድ ካላችሁ እስከ ጥምቀት፣ ጥር 11 ድረስ። ከሌላችሁ ሁለት ቀን ጨምሩ። ድስቱ የሚታጠበው፣ የተዋስነው እቃ የሚመለሰው፣ ጋኑ የሚከደነው ያኔ ነው፣ ያንን ለእናታችሁ ትታችሁ አትሂዱ። ስትወጡ ስንቅ ይቋጠርላችኋል፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ምናልባት በሶ። ሻንጣ ሞልቷል አትበሉ፣ ቦታ አስተርፉ። ደሴ ላይ አውቶቡስ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ማለዳ ነው የሚነሳውና ጋቢያችሁን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ ለብሳችሁ ውጡ።